ለተማሪው ጥሪ ወጥቷል፤ የእኛስ ዝግጅት?

ክረምቱ ሲያባራና አዲሱ ዓመት ሲጠባ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች የጥሪ ማስታወቂያ ያወጣሉ። ማስታወቂያው አጭር ስለሆነ ልጅ ያሳለፈ ወላጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ በተጠቀሱት ቀናት በአካል ተገኙ ይላል። ዘግይቶ የሚመጣ እንደማይስተናገድም ያሳስባል። ተማሪው ይዞት የሚመጣው ነገር አንድም ሳይቀር ተዘርዝሯል። ተቀባዩ ምን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቀው ግን የሚነግረን የለም።

ይህ ጽሑፍ ለተቀባዩ የወጣ ጥሪ ነው። የሚመለከተውም የጎንደር ከተማ ነዋሪዎችን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን፣ ነባር ተማሪዎችን፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ምሩቃንን ነው። ኮሮናና ጦርነት የትምህርት ዘመኑን ካዛነፉት ወዲህ የምዝገባው ቀን አንዳንድ ዓመት ወደ ኅዳር፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ ይገፋል። የቀኑ መገፋት የእኛን ኃላፊነት አይገፋውም። እንዲያውም መጠባበቁ ረጅም በሆነ ቁጥር ልጁ ደክሞና ተጠራጥሮ ስለሚደርስ፣ የሚቀበለው ሰው የበለጠ ያስፈልገዋል።

የሚመጡት እነማን እንደሆኑ እናስብ። ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ሲመድብ ከየአቅጣጫው ነው፤ ከቦረና፣ ከጋምቤላ፣ ከጅግጅጋ፣ ከወላይታ፣ ከሐረር፣ ከሸዋ። ከሞያሌ የሚነሳ ልጅ አዲስ አበባ እስኪገባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይጠብቀዋል። ብዙዎቹ ከተወለዱበት ወረዳ ወጥተው የማያውቁ የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ናቸው። አማርኛን በክፍል ውስጥ እንጂ በገበያና በሰፈር ተናግረውት የማያውቁም አሉ። እናት የቋጠረችው በሶና ዳቦ ቆሎ ሻንጣቸው ውስጥ አለ፤ ስልካቸው ደግሞ በየሰዓቱ "ደረስክ ወይ?" "ደረስሽ ወይ?" በሚል ወላጅ ይጠራል።

ወላጁ እንዲህ የሚጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ልጅን አሳፍሮ ማሰናበት ብቻውን ትልቅ እምነት የሚጠይቅ ሆኗል። ልጁ ከደረሰ በኋላም ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለኢድ ወደ ቤቱ ልሂድ ቢል መንገዱ ስለማያስተማምን እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀራል። ከተማው በበዓል ሽታ ሲታወድ የማደሪያው ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ የእናቱን ድምፅ በስልክ ይሰማል።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢልም ያኔም ከመቶ ተፈታኝ አምስትና ስድስቱ ናቸው ያለፉት። በሪሜዲያል ፕሮግራም ተጨማሪ ዕድል ያገኙትም ታግለው ነው የሚዘልቁት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ምረቃው ፊት የመውጫ ፈተና ቆሟል። በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ ጎንደር የደረሰን ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር በብቸኝነት፣ በሕመም ወይም የሚጠይቀው ሰው በማጣት ብናጣው ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይሆንም። ያስተማረው ወረዳ፣ የከፈለው ወላጅ፣ የሚጠብቀው ታካሚና ተማሪ ሁሉ አብረው ይጎዳሉ። ዊዝድሮው ሞልቶ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ትምህርቱ የከበደው እንዳይመስለን። ብዙ ጊዜ የከበደው ሰው ማጣቱ ነው።

ጎንደር ተማሪ መቀበልን ከማንም አትማርም። በቤተ ክህነት የመጻሕፍትና የአቋቋም ትምህርት ስሟ ከፍ ያለ ከተማ ናት፤ የአቋቋም ማስመስከሪያዋ በዓታም ዛሬ ድረስ ተማሪ ይጎርፍበታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ ከጎጃም፣ ከላስታ፣ ከሸዋና ከትግራይ የመጣውን የቆሎ ተማሪ የመገበው የከተማው ሰው ነው። "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል በሩን ከፍቶ ቁራሽ የሰጠው፣ ውሻ ሲያባርረው የመለሰለት፣ ሲታመም ጎጆው ድረስ ሄዶ የጠየቀው ያው ነዋሪ ነው። የአዲስ ዓለም ሙስሊም ቤተሰቦችም ለደረሳው እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ለቆሎ ተማሪው ካፍቴሪያ አልነበረውም፤ በጀት አልተያዘለትም። ሊቅ ሆኖ የወጣው ሕዝቡ ስለያዘው ነው።

ዩኒቨርሲቲውም የተወለደው ከሕዝብ ጭንቅ ነው። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የእርዳታ ተቋም ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነበር። ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ሰነዱን ዘግተው በቢሮ የሚቀመጡ ሳይሆኑ መንደር ለመንደር የሚሄዱ ነበሩ። በኋላ ሐኪም ማሠልጠን ሲጀመር ከላይፕዚግ የመጡ ጀርመናውያን ሐኪሞችና መምህራን አብረው አስተምረዋል፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያ የመስክ ልማድ ግን አልጠፋም። የጤና ተማሪዎች ሊመረቁ ሲቃረቡ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ አዋላጇና የላቦራቶሪ ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባና ዳባት ባሉ ከተሞች ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ያገለግላሉ። ተማሪው ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ሰባ ዓመት ሆኖታል። ሕዝቡም ወደ ተማሪው መምጣት አለበት።

ይህንንም ቢሆን ጎንደር ጀምራዋለች። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ማብቂያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሞቱ። ነገሩ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አገሪቱ በዩኒቨርሲቲዎቿ ላይ ተስፋ ልትቆርጥ በደረሰችበት በዚያ ዘመን "የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተሰብ" የሚባለው ሥራ ተጀመረ። ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል። ቤተሰቡ እንደ ልጁ ሊያየው፣ ተማሪውም እንደ ወላጁ ሊያከብራቸው ቃል ይገባባሉ። ለአንድ የፋሲካ ምሳ መጥራት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን ጎንደር ውስጥ "እናቴ" የሚላት ሴት ያለችው ልጅ የጥላቻ ወሬ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ እሷም "ልጄ፣ ከዶርምህ አትውጣ፣ እመጣለሁ" ትለዋለች። አንድ ግቢ ሰላም የሚሆነው በጥበቃ ብዛት ሳይሆን እንዲህ ባለ ስልክ ብዛት ነው።

ይህ ሥራ እንዲቀጥል፣ እንዲሰፋ፣ አዲስ በገባው ተማሪ ዘንድም በመጀመሪያው ሳምንት እንዲደርስ ነው ጥሪያችን። ጥቂት ቤተሰቦች አምስትና ስድስት ልጅ ይዘው ሌላው ሰፈር አንድም ካልያዘ ሸክሙ ይከብዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሁሉም የድርሻውን ይያዝ።

የጎንደር ነዋሪዎች ሆይ፦ ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ቀበሮ ሜዳ፣ አንድ ቤት አንድ ልጅ ይያዝ። ሀብት አያስፈልግም። በበዓል ከምታበስሉት ላይ አንድ ሰሃን፣ ከሳምንቱ አንድ ስልክ ይበቃል። ልጁ ሃይማኖቱ የተለየ ከሆነ የሚበላውንና የማይበላውን ጠይቁት፤ ሳይጠይቁ ማቅረብ ልጁን ያሳፍረዋል፤ ጠይቆ ማቅረብ ግን ያኮራዋል። ቋንቋው አማርኛ ካልሆነም ታገሡት፤ በቤታችሁ በሰማው አማርኛ በክፍልም ደፍሮ ይጠይቃል። እድሮች፣ ማኅበራት፣ አድባራትና መስጊዶችም ይህን ጉዳይ በመጀመሪያው ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት። እድር ለቀብር ብቻ አልተፈጠረም፤ የታመመን እንግዳ ልጅ መጠየቅም ሥራው ነው።

የባጃጅና የታክሲ አሽከርካሪዎች፣ የመናኸሪያ ልጆች፣ የፔንሲዮንና የሱቅ ባለቤቶች፦ ሻንጣ የጫነ ፍሬሽ ስታዩ እንደ ልዩ ገበያ አትቁጠሩት። ዋጋ እጥፍ የጠየቀው ሰው ልጁ ጎንደርን የሚያስታውስበት የመጀመሪያ ሰው ይሆናል። በትክክለኛ ዋጋ አድርሶ "ማራኪ ግቢ በዚህ፣ ቴዎድሮስ ግቢ በዚያ ነው" ብሎ በር ድረስ ያሳየ ሰውም እንዲሁ ይታወሳል። ቤት አከራዮችም የምዝገባ ወር ሲደርስ ኪራይ አትጨምሩ። ነን ካፌ ሆኖ ከግቢ ውጭ የሚኖር ተማሪና ገና የተቀጠረ መምህር ከወር ወር የሚደርሰው እየቆጠበ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ።

ነባር ተማሪዎች፦ እናንተ ዶርም ስትገቡ ማን አሳያችሁ? ሬጅስትራሩ የት እንደሆነ፣ የላይብረሪ መታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ፣ ውሃ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትኛው መምህር በሩ ክፍት እንደሆነ የሚያውቀው ሲኒየር ነው። ዘንድሮ እያንዳንዱ ሲኒየር ሁለት ፍሬሽ ይያዝ፤ አንዱን ከራሱ አካባቢ፣ ሌላውን ከማያውቀው አካባቢ። የአካባቢ ልጅ መያዝ ቀላል ነው፤ ግቢውን አንድ የሚያደርገው ግን ሁለተኛው ነው። ወሬና ስድብ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ሳታጣሩ አታስተላልፉ። ማይክሮፎን ይዞ ከሚሰብክ ይልቅ ለክፍል ጓደኛው ኖት የሚያካፍል ተማሪ ለግቢው ሰላም የበለጠ ይሠራል። ዓይነ ስውር ለሆኑ ጓደኞቻችሁም ድምፃችሁን አበድሩ። መጽሐፍና ኖት አንብቦ በስልክ መቅረጽ ከሳምንቱ አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ለአድማጩ ግን አንድ ኮርስ ማለት ነው።

መምህራን፦ የመጀመሪያው ክፍል ኮርስ አውትላይን ማደያ ብቻ አይሁን። የተማሪውን ስም፣ የመጣበትን፣ የትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚከብደው ጠይቁ። የቢሮ ሰዓት በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእውነት ይኑር። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ሲወጣ ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ጠርታችሁ አነጋግሩት፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከማዘን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ኑሮው እናንተንም ከብዷችኋል፤ ደመወዝ ወር ሳይሞላ እንደሚያልቅ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ተማሪ ልጅ ግን የመምህሩን ችግር ሊሸከም አይችልም፤ በእናንተ ተስፋ ነው የመጣው።

የአስተዳደር ሠራተኞች፦ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን በመጀመሪያ የሚያየው በእናንተ ፊት ነው። አንድ የምዝገባ ቀን ማራኪ ግቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። የዶርም ድልድሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አንዲት ልጅ በጣቷ ስሟን እየፈለገች ከላይ ወደ ታች ወርዳ እንደገና ጀመረች። የአባቷ ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ስለነበር አላገኘችውም፤ ልታለቅስ ደረሰች። አንዲት ፕሮክተር ቁልፍ እንደያዘች መጥታ መታወቂያዋን ተቀብላ ዝርዝሩን ከአያቷ ስም ጋር አመሳክራ አገኘችላት። ከዚያ ሻንጣዋን በአንድ በኩል ይዛ እስከ አልጋዋ አደረሰቻት፤ ፍራሹ የተቀደደ ሆኖ ስታገኘው ሌላ አስመጣች፤ ለሎከሩ ቁልፍ የት እንደሚገዛም ነገረቻት። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያቺ ልጅ ግን በዚያ ምሽት ለእናቷ ስትደውል የምታወራው ስለዚህች ሴት መሆኑን አልጠራጠርም። ጥበቃው፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የክሊኒክ ነርሷ፣ የላይብረሪ ሠራተኛው፣ ሁላችሁም እንዲህ ያለ አሥር ደቂቃ በእጃችሁ አለ።

ይህ ወቅት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሰው ለውጥም ወቅት ነው። በየትምህርት ክፍሉ ለፒኤችዲ የሚሄድ አለ፤ ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለስ አለ፤ ማዕረግ ያደገ፣ አዲስ የተቀጠረ ረዳት ምሩቅ፣ በጡረታ የሚሰናበትም አለ። እንዲህ ያለውን ዜና እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ማለፍ ልማዳችን ነው፤ ግዴታ እንዳለበት ግን አንዘንጋ።

በጡረታ የሚሰናበት ሰው ሥራውን የሚረከበው ሰው አጠገቡ ሳይቀመጥ አይሂድ። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ያደራጀ የላይብረሪ ሠራተኛ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚጠፋ ያውቃል። ላቦራቶሪውን የጠበቀ ቴክኒሻን አሮጌው መሣሪያ እንዴት እንደሚነሳ በእጁ ያውቀዋል። ይህ እውቀት በሰነድ የለም፤ ሰውዬው በስጦታና በአበባ ተሸኝቶ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ስለዚህ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ከሽኝቱ በፊት ርክክቡን አስቡ፤ ቢያንስ አንድ ወር ተተኪው አብሮ ይሥራ። ጡረተኞችም አትራቁን። አዲስ ተማሪ የሚያማክሩ አረጋዊ መምህራን፣ አዲስ ፕሮክተር የሚያሠለጥኑ አንጋፋ ፕሮክተሮች ያስፈልጉናል፤ ዩኒቨርሲቲውም የጡረተኛ ስም ዝርዝር ይዞ በየዓመቱ ይጥራቸው።

አዲሱ ረዳት ምሩቅም በአንድ በኩል ፍሬሽ ነው። ትናንት ተማሪ ነበር፤ ዛሬ ስልሳ ሰው ፊት ይቆማል። አንጋፋ መምህር አንድ ሁለት ክፍል አብሮት ይቀመጥለት፤ ፈተና አወጣጡን ያየው፤ ሲሳሳት በተማሪ ፊት ሳይሆን በቢሮ ይንገረው። ከውጭ ተምረው የተመለሱ መምህራንም ያመጣችሁትን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለባልደረቦቻችሁ አካፍሉ። አንድ ሰው ሲማር የአገር ገንዘብ ወጥቷል፤ አገር የሚያተርፈው ትምህርቱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው።

ምሩቃን፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ የጎንደር ሐኪሞችና መምህራን፦ ስማችሁን የያዘ ዲፕሎማ የሰጣችሁ ግቢ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፤ ከገንዘብ በፊት ሰዓታችሁን። በወር አንድ ምሽት በስልክ ወይም በኢንተርኔት አንድ ተማሪ አማክሩ። የምትልኩት አሮጌ ላፕቶፕ ካለም ኖትና ፈተና የሚያነብበት ተማሪ እጅ ይግባ፤ በቢሮ መሳቢያ አይቀር። እናንተም በዚያው መንገድ፣ በአንድ ሰው ድጋፍ ነው ያለፋችሁት።

ይህን ሁሉ መንግሥት ያድርገው የሚል ይኖራል። መንግሥት መንገዱን ሰላም ማድረግ፣ የተማሪውን የምግብ በጀት ከገበያው ጋር ማመጣጠን፣ ማደሪያና መጽሐፍ ማሟላት አለበት፤ ይህን ደጋግመን መጠየቅም የዜግነት ግዴታችን ነው። ግን የትኛውም በጀት አንድን ልጅ በስሙ አይጠራውም። ሲታመም ደጅ ድረስ ሄዶ "ምን በላህ?" የሚለው ሰው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ የመንግሥትን ስንጠይቅ የራሳችንን አንተው።

እንግዲህ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት በየእድሩ፣ በየትምህርት ክፍሉና በየማደሪያው ሕንጻ አንድ ሰው ይመረጥ። የቃል ኪዳን ቤተሰብ መሆን የሚፈልጉትን ስምና ስልክ ይመዝግብ፤ ዝርዝሩንም ለዩኒቨርሲቲው ያስረክብ። ተማሪው እንደገባ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይገናኙ። የያዛችሁትን ልጅ የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተናውን እስኪጨርስ አትልቀቁት፤ ያንን ካለፈ የቀረውን በራሱ እግር ይሄደዋል።

ልጁ ከዓመታት በኋላ ሐኪም ሆኖ ሞያሌ፣ መምህር ሆኖ ጋምቤላ ይመለሳል። እዚያ ሰው ስለ ጎንደር ክፉ ሲናገር "እኔ እዚያ ቤተሰብ አለኝ" ብሎ የሚቆም እሱ ነው። አገር በእንዲህ ያለ ምስክር ብዛት ይጸናል። ያንን ምስክር የምናፈራው እኛ ነን፤ ጊዜውም አሁን ነው። ተነሱ፣ እንቀበላቸው!